ታኅሣሥ አንድ፣ ልደታ

ከስድስት ኪሎ በሰርቪስ መጣን፣ ሃያ ሁለት ሆነን፣
ነጭ ቲሸርት ለብሰን፤
ደረቱ ላይ «መብት»፣ ጀርባው ላይ የስፖንሰር ስም፣
ልኩ አንድ ዓይነት፤ ሚልክያስን የሚያንቅ፣ ለእኔ የሚሆን ቀሚስም።

ወር የገባበት፣ የልደታ ዕለት ነው፤
ከደጀ ሰላሙ ነጠላ ለባሹ ሲወጣ አየነው፤
አንዱ ስለት አግብቶ፣ አንዱ አቤቱታ ይዞ፣
አስፋልቱን ይሻገራል፣ ትከሻ ለትከሻ ተጓጉዞ።

ድንኳን ተከልን ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣
«ነፃ የሕግ ድጋፍ» የሚል ባነር ወጠርን ባጥሩ ብረት።
ሃያት ወንበር ትደረድራለች፤
ኦብሴ ፎቶ ታነሣለች፤
አንዷ፣ ሰርተፊኬት አለው ሲባል የሰማች፣
«ስንት ሰዓት ያልቃል?» ትላለች።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከጽዱ ሥር፣
ጋሽ ታፈረ አለ፣ ከዣንጥላው፣ ከበርጩማው ጋር።
ሃያ ስድስት ዓመት የሰው አቤቱታ ጽፏል፤
አንድ ገጽ ሃምሳ ብር፣ ለደሀ አርባ፤
ዛሬ ግን አንድም ሰው ዣንጥላው ሥር አልገባ።
ነፃ ባለበት ማን ይከፍላል?
አየሁት፤ ብዕሩን ከፍቶ ይከድናል፣ ከፍቶ ይከድናል።
ዐይኔን መለስኩ።
ቀኑ የመብት ነው አልኩ፤ የማን እንደሆነ አልጠየቅኩ።

ትርንጎ መጣች፣ ሲሚንቶ የበላው እጇን ከሻርፗ ሥር ደብቃ።
ሜክሲኮ ጋ፣ ባሬላ ተሸክማ፣ ስድስተኛ ፎቅ ዘልቃ፣
ሦስት ወር ሠርታለች፤ ብር ሲቆጠር ስሟ ታጣ።
«ፎርማኑ ነገ ይላል። ነገ፣ ነገ ስንል ክረምቱ ወጣ።»

እኔ ጻፍኩላት፤
አንቀጽ ደረደርኩ፣ ድንጋጌ ካብኩላት፤
የሰው ልጅ ክብር፣ እኩልነት፣
ከደብተሬ ያለውን ሁሉ ገለበጥኩላት፤
አራት ገጽ ሞላ።
ሳነብላት ራሷን ነቀነቀች፣ ግእዝ እንደምትሰማ፣ በጥሞና፣ በተመስጦ፣ ሳይገባት አንዲትም ፊደላ።

«ተባረኪ» ብላኝ ገባች፤
ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ወረቀቱን እንደያዘች ወጣች።
«መዝገብ ቤቱ መለሰው» አለች፣ ጥፋቱ የሷ ይመስል አንገቷን ደፍታ፤
«ተከሳሹ ማነው፣ አድራሻው የት ነው፣ ዳኝነቱስ?» አላት፣ አለች፣ አንዱ ጌታ።

ዳኝነቱን!
በአራት ገጽ ውስጥ፣ ምን እንደምትፈልግ አልጻፍኩም።

«ነይ» የሚል ድምፅ ከማዶ።
ሚኒባሱ እስኪያልፍ ቆሜ ተሻገርኩ፣ ፊቴ ነዶ።
ጋሽ ታፈረ አራቱን ገጽ አነበበ፣ መነጽሩን ወደ አፍንጫው አውርዶ፤
አልሳቀም፣ አልተቆጣም፤
«እጅ ጽሑፍሽ ያምራል» አለኝ፤ ሌላ ከአፉ አልወጣም።

ወደ እሷ ዞረ።
«ስንት ቀን ሠራሽ?»
«ሰባ ስምንት።»
«ማን ቆጠረልሽ?»
«ሻይ የምትሸጥ ልጅ አለች፣ ፍሬሕይወት፤
ማታ ማታ በከሰል ታሰምርልኝ ነበር፣ ቆርቆሮው ላይ።»
«ቆርቆሮው አለ?»
«አለ።»
«እንግዲያው ምስክር አለሽ» አለ።

ጻፈ። አንድ ገጽ። ነገርን ከሥሩ፣
ስሙን፣ ቦታውን፣ ቀኑን በቁጥሩ፤
ከዳኝነቱ በላይ አንዲት ቃል ጨመረ፣
«በሕግ አምላክ»።
ይህ ሲባል፣ እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይባል ነበረ።
ፎርማን ይቆም እንደሆን አላውቅም።

ሃምሳ ብር አወጣሁ፣ አይቀበለኝም ብዬ።
ተቀበለ፤
«ለደሀ አርባ ነው» አለ፣
አሥሯን መለሰልኝ፣ ኪሱን ደባብሶ።

አሥር ሰዓት ላይ ሰርተፊኬት ታደልን፤
ድንኳኑ ተነቀለ፤ ሰርቪሱ ጡሩምባ ነፋልን።
በመስኮት ዞሬ ሳይ፣
አራት የካስማ ጉድጓድ፣ አጥሩ ላይ የተረሳ ገመድ፣
ትርንጎ ገና አልወጣችም፤ መዝገብ ቤት ሰልፉ ረጅም ነው።

ነገ ታኅሣሥ ሁለት ነው፤
የማንም ቀን አይደለም።
ጠዋት ክፍል የለኝም፤ ቲሸርቱን እቤት ትቼ፣
«ጋሼ፣ አንድ በርጩማ አታውሰኝም?» ልለው ነው፣ መጥቼ።